ሰሞኑ የተቀየረ ጊዜ

ያይኔአበባ ፈሪ ሴት አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለ ፍርሃቷ ነውና። በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜዋ ጅብ ከበረት አባርራለች፤ ጎርፍ የወሰደውን ጥጃ ወንዝ ገብታ አውጥታለች፤ ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ ዘጠኝ ዓመት ኖራ አንድም ቀን እጅ አልሰጠችም። ሦስተኛው ከሁለቱ እንደሚከብድ አማት ያላት ሁሉ ታውቀዋለች። የምትኖረው ከጅጋ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ባሏ ቄስ ይርሳው የደብሩ አገልጋይም ናቸው፣ ገበሬም ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው።

ፍርሃቱ የገባባት ሦስተኛው ልጅ ሲወለድ ነው። ልጁ በሰላም ወጣ፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። የተነጠፈው አጎዛ ራሰ፣ መደቡ ራሰ፣ አዋላጇ "ማርያም ማርያም" ከማለት በቀር ሌላ የምታደርገው ጠፋት። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ጅጋ አደረሷት፤ ከጅጋ አምቡላንስ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዳት። እዚያ የማታውቀው ሰው ደም ተሰጥቷት ዓይኗን ገለጠች። ሊያሰናብቷት ሲሉ ሐኪሙ ቄስ ይርሳውንም አስጠርቶ፣ ነገሩን ሳያለባብስ፣ ሌላ እርግዝና ቢመጣ ለሕይወቷ አስጊ እንደሆነ ለሁለቱም ነገራቸው።

ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር። አሁን ግን በግጭቱ የተነሳ አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል። አምቡላንሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ የቀበሌው ጤና ኬላ ከተዘጋም ስድስት ወር አልፎታል። በዚህ ዓመት ብቻ ከወዲያኛው ጎጥ አንዲት ወላድ ቃሬዛ ላይ እንዳለች ሞታለች። ስለዚህ ለያይኔአበባ ማርገዝና መሞት አንድ ነገር ሆነው ነበር። ልጆቿን ደርድራ ስታስተኛ ዓይኗ ትንሹ ላይ ይቀራል። ቄስ ሁለተኛ አያገባም፤ እሷ ከሞተች ልጆቿ እንጀራ እናት እንኳ አይኖራቸውም። ይህን እያሰበች ስንት ቀን ወጧን አሳርራለች።

ታዲያ መከላከያ አትወስድም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። ወስዳለች እንጂ! የሦስት ወሩን መርፌ አንድ ጊዜ ተወግታ ነበር። መርፌው ግን የወር አበባዋን አዛባባት፤ ዛሬ ትንሽ ይታያል፣ ነገ ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይመጣል። ደም ያለባት ሴት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የቄስ ሚስት ሦስት ወር ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ ሰው ዝም ይላል? አላለም። አንዷ "መርፌ ተወግታ ነው" ስትል ሌላዋ "የቄስ ሚስት?" ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ያይኔአበባ ከዚያ ወዲህ ክንዷን ለመርፌ አልሰጠችም።

በመርፌው ፋንታ የራሷን ብልሃት አገኘች። የደብሩ ቀሳውስት ለአራት ተከፍለው በየተራ ሰሞን ይገባሉ። ሰሞነኛው ቄስ ሳምንቱን ሙሉ ከሚስቱ ርቆ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ እያደረ ያገለግላል፤ ሌሎቹ ሦስት ሳምንት እንዳገለገሉ ተራው ዞሮ ይደርሰዋል። የያይኔአበባ የወር አበባ ደግሞ ከመርፌው በኋላ ወደ ልማዱ ተመልሶ በየሃያ ስምንት ቀኑ ሳይዛነፍ ይመጣል። የሚያሰጉት ቀኖች መካከል ላይ ያሉት መሆናቸውን ስምንተኛ ክፍል ሳለች ተምራለች። እንግዲህ እነዚያ ቀኖች የቄስ ይርሳው ሰሞን ላይ ወደቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቄሱ በሚያሰጋው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ፤ በደኅናው ሳምንት ቤታቸው ናቸው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም ጭምር። ብትናገረው ኃጢአት ይሆናል፤ ዝም ካለች ግን የደብሩ ሥርዓት ነው ብላ ራሷን አሳምናለች። እንዲያውም በብልሃቷ ትንሽ ትኮራ ነበር።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ቄስ ገብረሰንበት ታመሙ። እሳቸው የያይኔአበባ የነፍስ አባት ናቸው፤ ሰሞናቸውም ከቄስ ይርሳው ሰሞን አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚውለው ነው። ቄስ ይርሳው የታመሙትን ሰው ተራ ገቡላቸው፤ የራሳቸውን ሳምንት ደግሞ ሌላ ቄስ ያዘላቸው። ለደብሩ ምንም አልጎደለበትም፤ በሚያሰጋው ሳምንት ግን ቄሱ ቤታቸው ሊሆኑ ነው። ያይኔአበባ ይህን የሰማችው አውድማ ላይ ጤፍ ስታነፍስ ነው፤ ሰፌዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ቄሱ እሁድ ከሰሞን ወጡ። ከዚያ ሰኞ መጣች። በዓል ያልዋለባት፣ የጾም ዋዜማም ያልሆነች ቀን በቄስ ቤት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃል። ሳምንት ርቀው የሰነበቱ ባል ናቸው፣ የምትወዳቸው ባል ናቸው። "ዛሬ ይቅር" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ምክንያቱን ቢጠይቋትስ? ሦስት ዓመት በሰሞንዎ ቀን ስቆጥር ኖሬአለሁ ትበላቸው? ቃሉን ዋጠችው።

ማክሰኞ ጧት ስትነሳ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደተቀመጠ ሁሉ እጇን ከሆዷ ላይ ማንሳት አቃታት። የማይረባ ፍርሃት መሆኑን ታውቃለች፤ በአንድ ሌሊት ምን ሊኖር? ግን ፍርሃት መቼ ተመክሮ ይሰማል። አሮጊቶች ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይጠጣል የሚሉትን መራራ ሥር አሰበች። እሱን የጠጣች አንዲት ሴት እንዴት እንደሆነች ትዝ ሲላት ተወችው። እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ውኃ ግን አላስፈለጋትም ነበር።

ምንጩ ዘንድ የጎረቤቷ ልጅ ቤቴል ልብስ ታጥባለች። ቤቴል ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ሂሳብ አያያዝ ስትማር የቆየች፣ መንገዱ ሲዘጋ ትምህርቷን አቋርጣ ቤቷ የገባች ልጅ ናት።

"እትየ ያይኔ፣ አሞሻል እንዴ? ምነው ፊትሽ እንዲህ አመድ መሰለ?"

"አላመመኝም። አንዲት እማውቃት ሴት አለች..." አለች ያይኔአበባ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሳ።

አንዲት የማውቃት ሴት ስትባል ማን እንደሆነች የማይገባት ሴት የለችም። ቤቴልም ገባት፤ ግን ጨዋ ልጅ ናትና ያልገባት መሰለች።

"እሽ፣ ምን ሆነች ሴትዮዋ?"

"ከባሏ ጋር... ሳታስበው በክፉ ቀን ሆነባት። እንዳታረግዝ ፈርታለች። ካረገዘች ትሞታለች። ከሆነ በኋላ እሚደረግ ነገር አለ?"

"አለ እንጂ፣ ፖስት ፒል አለ! በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ እሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ሦስት ቀን ከሦስት ሌሊት ማለት ነው። ቶሎ በዋጠችው ቁጥር ይሻላታል። እኛ ዶርም ውስጥ እሱን እማታውቅ የለችም።"

"የመጥፎ ሴቶች ነው ሲሉ እሰማለሁ።"

"እትየ፣ ኪኒኑ ማን እንደዋጠው ምን ያውቃል?"

"ማህፀን ያደርቃል አይደል?"

"እሱንም ይላሉ። እኔ እንጃ፣ ባለመድኃኒቶቹን ጠይቂ። ማለቴ፣ ሴትዮዋ ትጠይቅ" አለች ቤቴል፣ የሚታጠበውን ነጠላ አጥብቃ እየጨመቀች። ያይኔአበባ በጣቷ ቆጠረች። ሰኞ ማታ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ማታ። እስከ ሐሙስ ማታ ነው ያላት።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ "ጅጋ ጨው ልገዛ ነው" ብላ ወጣች። ጅጋ ያለው መድኃኒት ቤት የየሽዋስ ነው። የሽዋስ የቄስ ይርሳው የክርስትና ልጅ ነው፤ ሲያያት ጉልበቷን ስሞ "ማን ታመመብን እናቴ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆማ በሩን አየችው። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ይስቃል። እሱ ቤት ገብታ ያን ኪኒን መጠየቅ ደብሩ መካከል ቆሞ ከመጮህ ምን ይለያል? ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችና በፊት ለፊቱ አልፋ ሄደች። ከከተማው ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ጋሪ አገኘች።

መንገዱ መካከል ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጋሪውን አስቆሙት።

"ወዴት ነሽ አንቺ?"

"መድኃኒት ልገዛ።"

"ለማን?"

"ለልጄ" አለች። ይህን ስትል የልጇን ሕመም በአፏ የጠራች መስሏት ዘገነናት። አሳለፏት።

ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ጨርሳ የማታውቀውን መድኃኒት ቤት መርጣ ገባች። ባንኮኒው ጀርባ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ያይኔአበባ አፏን ስትከፍት ከኋላዋ አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰው ገቡ። ፈጽሞ አያውቋትም፣ ፈጽሞ አታውቃቸውም፤ ቢሆንም ምላሷ ተሳሰረና "የራስ ምታት" አለች። የራስ ምታቱን ይዛ ወጣች። ሰውየው እስኪወጡ ጥግ ይዛ ቆማ ጠበቀች፤ እንደገና ገባች።

"የራስ ምታቱ ጠፋብሽ እንዴ?" አለች ወጣቷ ፈገግ ብላ። ሀኒ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

"ያ... ከሆነ በኋላ እሚዋጠው" አለች ያይኔአበባ፤ ድምጿ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ሀኒ አልሳቀችም። ባንኮኒውን ዞራ መጣችና ወደ ውስጥ ወዳለው ወንበር ወሰደቻት። መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ሰኞ ማታ አለች። ያይኔአበባ ደግሞ የሚያስፈራትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ነፍስ ያጠፋል? ማህፀን ያደርቃል?

"አያደርቅም። ነፍስም አያጠፋም። እንቁላል ከቦታው እንዳይወጣ ነው እሚያዘገየው፤ ካረገዙ በኋላ ቢውጡትማ ምንም አያደርግም። ግን መቶ በመቶ አይደለም፣ እሱን ልንገርሽ። ለወደፊቱ ደግሞ ክንድ ላይ እሚቀበርም፣ ማህፀን ውስጥ እሚቀመጥ ሉፕም አለ። መንገዱ ሲከፈት ጤና ጣቢያ ሂጂ። አሁን እዚሁ ዋጪው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ግን አልሠራም ማለት ነው፤ ሌላ መዋጥ አለብሽ። ቁርስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አለች ያይኔአበባ።

አልበላችም። ረቡዕ ነው፤ የቄስ ሚስት ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ኪኒኑ መድኃኒት ነው፣ ጾም አያስፈታም፤ እንጀራ ግን ያስፈታል። በአንድ ቀን አንዱን ኃጢአት ከሌላው ጋር ላለመደረብ ብላ ዋሸች። ለጾሙ ስትል መዋሸቷም ሦስተኛ እንደሚሆን ያኔ አልታሰባትም። በባዶ ሆዷ ዋጠችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ተኩል ይላል።

ስትመለስ ጋሪ የለም። ከሌሎች መንገደኞች ጋር በእግሯ ተያያዘችው። ፀሐዩ ይጋረፋል፤ ሆዷ ውስጥ መጀመሪያ ቀለል ያለ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ የባሰ፣ ከዚያ ምራቋ አፏን የሚሞላ ማቅለሽለሽ መጣ። ጥርሷን ነከሰች። "እመቤቴ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ጊዜ!" እያለች እየተራመደች ነበር። አልቻለችም፤ ከመንገዱ ወርዳ ተንበረከከች። ሆዷ ውስጥ የነበረው ውኃና ኪኒን ብቻ ነበርና የወጣውም እሱ ነው።

"ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ነው?" አለች ወደ አንድ አላፊ ቀና ብላ።

ሰውየው ስልኩን አየ። "ለስምንት ሩብ ጉዳይ።"

አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የሆነው። ተነስታ ወደ ፍኖተ ሰላም ፊቷን አዞረች። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ከዚያው ከከተማው አቅጣጫ ተኩስ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደጋግሞ። መንገደኛው ሁሉ ወደ ጅጋ መሮጥ ጀመረ። አንዲት ሴት ክንዷን ይዛ ጎተተቻት፤ እሷም ሮጠች። ጅጋ ስትደርስ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ የየሽዋስም። ቤቷ የገባችው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

"ጨው አላገኘሽም?" አሉ ቄስ ይርሳው።

ጨው! ባዶ እጇን አየችው። "ተኩስ ነበር" አለች። ቄሱ ፊቷን አይተው ሌላ አልጠየቁም። እራት አቀረበች፣ ልጆቹን አስተኛች፣ እሷ ግን ዓይኗን ሳትከድን ነጋ።

ሐሙስ ማለዳ ቄሱ ጥምጥማቸውን ሲጠመጥሙ ፊታቸው ተንበረከከች።

"ቄሱ፣ እምናገረው ነገር አለኝ። ቢያባርሩኝም እናገራለሁ።"

ተናገረች። የሰሞኑን ቆጠራ፣ ሰኞን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ኪኒኑን፣ መንገድ ዳር ያስመለሳትን፣ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ጊዜ እንዳላት ሁሉንም ተናገረች። ቄስ ይርሳው ጥምጥሙን ግማሽ ላይ እንዳደረሱት ቆሙ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አጣች፤ ይህ ከቁጣ የባሰ አስፈራት። ጥምጥማቸውን ጨረሱ። መስቀላቸውን ከተሰቀለበት አወረዱ፣ መቋሚያቸውን ያዙ።

"ልጆቹን ከግቢ እንዳታስወጪ" አሉና ወጡ። ያሉት ይኸው ብቻ ነው።

ከደጃፉ ቆማ አየቻቸው። መንገዱ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ቄስ ገብረሰንበት ቤት፣ አንዱ ወደ ጅጋ። ቄሱ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሲገቡ በየትኛው እንደታጠፉ አልታያትም።

ከዚያ ያለው ቀን ቀን አልነበረም። ወደ ነፍስ አባቷ ከሄዱ ሽማግሌዎች ይዘው ይመጣሉ። ሽማግሌ ከመጣ ነገሩ አገር ያውቀዋል፤ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ልጆቿን ማን ያሳድጋል? ወደ ጅጋ ከሄዱ ደግሞ መንገዱ አለ። አራት ሰዓት ገደማ ከጅጋ በኩል ተኩስ ሰማች። ትልቋ ልጇ "አባባ የት ነው?" ስትላት "ዝም በይ!" ብላ ጮኸችባት፤ ወዲያው አቅፋ አለቀሰች። ስለ ራሷ ሞት ስትፈራ የኖረች ሴት አሁን የባሏን ሞት ስትጠብቅ ዋለች። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ባሕር ዛፉ ሥር ማንም አልታየም። ምነው ዝም ባልኩ አለች፤ ዝም ብትል ብቻዋን ነበር የምትሞተው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቄስ ይርሳው ብቅ አሉ፤ ብቻቸውን ናቸው። ጥምጥማቸው አቧራ ለብሷል፣ አንድ እግር ጫማቸው ተበጥሶ በገመድ ታስሯል። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጧት።

"መንገዱ ላይ ይዘውኝ ዋሉ፤ መስቀሌን አይተው ነው የለቀቁኝ" አሉ።

"ከየት አገኙት?"

"ከየሽዋስ ቤት። ሞልቶታል።"

ያይኔአበባ በፊት ለፊቱ ነጠላዋን ተከናንባ ያለፈችበት በር ዓይኗ ላይ መጣ። "ሰው ነበር?"

"ነበር። ሦስት ሰዎች ነበሩ። የሽዋስ ለማን ነው አባቴ አለኝ፣ ለሚስቴ ነው አልኩት።"

እሷ ለአንዲት የማታውቃት ልጅ በሹክሹክታ መናገር ያቃታትን ነገር እኒህ ሰው በጥምጥማቸው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ የክርስትና ልጃቸው ፊት ጠይቀውታል። ነገ ደብሩ ይሰማዋል።

"ኃጢአቱስ?" አለች።

"ካለበት እኔም አለሁበት፣ አብረን ንስሐ እንገባለን።" የጫማቸውን ገመድ መፍታት ያዙ። "ያን ጊዜ ቃሬዛውን ከእግርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ያይኔ። ደምሽ በእጄ ላይ እየወረደ ጅጋ ደረስን። አራት ዓመት ሙሉ ልብስሽ ላይ ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር፣ የበርበሬ እድፍ እንኳ ቢሆን፣ ልቤ ቀጥ ይላል። አንቺ ብቻ እምትፈሪ መሰለሽ? በይ አሁን መጀመሪያ እህል ብይ።"

እስክትጠግብ በላች። ከዚያ ዋጠችው። ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት፤ የቤቱ ስልክ ግን ባትሪው ካለቀ ሦስት ቀኑ ነው፣ ሰዓት የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ የለም። ቄሱ አሰቡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የያዙት አንድ ረጅም ጸሎት አለ፤ ሳይጣደፉ ካደረሱት ሁለት ሰዓት ይወስድባቸዋል።

"እሱን አደርሳለሁ። ሲያልቅ ሁለት ሰዓት ሞላ ማለት ነው" አሉ። አጠገቧ ተቀምጠው ጀመሩ።

ማቅለሽለሹ ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጣ። ምራቋ አፏን ሞላው። ያይኔአበባ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ መተንፈስ ያዘች። ጀርባዋ ላብ በላብ ሆነ። አንዴ ሊያስመልሳት ሲል የቄሱ ድምፅ ተሰበረ፤ ግን አላቋረጡም፤ እጇን ያዙና ቀጠሉ። ልጆቹ ጥግ ይዘው፣ አባታቸው ለታመመ ሰው የሚጸልዩ መስሏቸው፣ ጸጥ ብለው ያያሉ። እሷ ቃሉን አትሰማም፤ የምትሰማው ምን ያህል እንደቀረው ብቻ ነው። አሁን አጋመሱት፣ አሁን ትንሽ ቀራቸው ትላለች። እጃቸው ከእጇ ይልቅ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የተረዳችው ያኔ ነው።

የወር አበባዋ የመጣው ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነው፤ መንገዱ የተከፈተ ሳምንት ደግሞ ሁለቱም ወደ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ አብረው ሄዱ። ያን ምሽት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ምሽት የነበረው ጨለም እያለ የመጣ ቤት፣ አፏን በመዳፏ የያዘች ሴትና አንድ ጸሎት ነው። ቄስ ይርሳው የመጨረሻውን ቃል አደረሱ። ያይኔአበባ አላስመለሳትም።

"አለቀ?" አለች፣ መዳፏን ከአፏ ሳታነሳ።

ቄሱ ምናልባት ፈጥኜ አድርሼው ይሆናል ብለው ፈሩ። እጇን እንደያዙ ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።